ሁለት በር ያላት ክፍል

“እኔ አላምንም፤ ግን ይላሉ” አለች የሺ። ሻዩን ካስቀመጠች ቆይታለች፤ አልሄደችም።

ሰርክአዲስ ከፕላኑ ላይ ቀና አላለችም። “ምን ይላሉ?”

ምን እንደሚሉ ታውቃለች። ትናንትም ሰምታዋለች፣ ከትናንት ወዲያም።

“የመርዶ ክፍል ሣለች፣ መርዶው የራሷ ቤት ገባ ነዋ! አፍንጮ በር ያሉት ግንበኞች ናቸው የጀመሩት። አሁን ታች ፀጉር ቤቱም ደርሷል። ዛሬ ደግሞ ኬክ ቤቱ ማኪያቶ ላመጣ ብወርድ ባንኮኒው ላይ ያለችዋ ልጅ ‘እውነት ነው እንዴ?’ ብላ ያዘችኝ።”

“አንቺስ ምን አልሻት?”

“‘እኔ አላምንም’ አልኳት።”

“‘ግን ይላሉ’ ብለሽ ጨመርሽላት።”

“ታዲያ ይላሉ እኮ፣ ሰርክዬ! ልዋሽ?”

የሺ ወሬ አትፈጥርም። የሰው ወሬ ተቀብላ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ነው የምትመልሰው። ከዚህ ቢሮ ጋር አርጅታለች፤ ጸሐፊ ናት፣ ስልክ ተቀባይ ናት፣ ሲያስፈልግም እናት ናት። ሰርክአዲስ ልትቆጣት አሰበች። ቁጣው የት እንዳለ ፈለገችው፤ አጣችው። ሻዩን ጠጣች። ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛ መሆኑንም ያወቀችው ከጨረሰችው በኋላ ነው።

ቢሮው ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንጻ የላይኛው ፎቅ ላይ። የእንጨት ደረጃው የሚወጣውን ሰው ከሥር ጀምሮ ያሳብቃል። ፊት ለፊት የነበሩት ሱቆች ከፈረሱ ወዲህ ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ትገባለች፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ፕላኖች ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። በሩ ላይ “የጤና ተቋማት ፕላንና መሠረተ ልማት አማካሪ” ይላል። ሥራውን የምትመራው ሰርክአዲስ ናት። ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት “አሃ፣ ሆስፒታል ትሠሪያለሽ!” ይላታል። አትሠራም። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ኦክስጅኑ በየት እንደሚያልፍ፣ መብራት ሲጠፋ የትኛው ክፍል እንደማይጨልም ትወስናለች።

“ሆስፒታል ማለት መንገድ ነው” ትላለች ለአዳዲስ ባለሙያዎች። “ግድግዳ የመንገድ ዳር ነው። የታማሚ መንገድ፣ የንጹሕ አንሶላ መንገድ፣ የቆሻሻ መንገድ፣ የአስከሬን መንገድ። እነዚህ ከተገናኙ እብነ በረድ ብታለብሱትም የበሽታ ማከፋፈያ ነው።”

አዲስ ሥራ ስትቀበል መጀመሪያ ኮምፒውተር አትከፍትም። ያለው ሆስፒታል በር ላይ ሄዳ፣ ምሳ ዕቃና ፌስታል ከያዙት አስታማሚዎች መሐል ቁጭ ትላለች። እንደነሱ ትጠብቃለች። በዚህ ልማዷ ነው ሌሎች አይተው የማያዩትን ነገር ደጋግማ ያየችው። ሐኪሙ ይወጣል። ከቤተሰቡ መሐል ጠና ያለውን ወንድ በዓይኑ ይመርጣል። ወደ ጥግ ይወስደዋል፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ ጥጉ ሁልጊዜ ካሸሩ አጠገብ ነው። ሰውየው ራሱን ይነቀንቅና ተመልሶ ለሴቶቹ “ደህና ነው፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊያዛውሩት ነው፣ እናንተ ወደ ቤት ሂዱ” ይላቸዋል። ሴቶቹ ፊቱን ያዩታል። ያኔ ጩኸቱ ካሸሩ ጋ ይነሣና የእናቶች ክትትል በር ላይ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ተራ የሚጠብቁት ነፍሰ ጡሮች ሆዳቸውን ይይዛሉ።

ለዚህ ነው ለአፍንጮ በሩ ሆስፒታል ማስፋፊያ ያቺን ክፍል የሣለችው። ትልቅ አይደለችም። ሁለት በር አላት፤ አንደኛው ከጽኑ ሕሙማን ኮሪደር የሚያስገባ፣ ሁለተኛው በጓሮ በኩል ወደ መንደሩ መንገድ የሚያወጣ። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ረጅም አግዳሚ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ከፍ ያለ መስኮት። ሐኪሙ ቤተሰቡን አስቀምጦ ይነግራል፤ ያለቀሰ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ማንም ሳያየው ይወጣል። ፕላኑ ላይ “የቤተሰብ ክፍል” ትባላለች። ግንበኞቹ ግን ወዲያው “መርዶ ቤት” አሏት።

የቢሮው አሠራር ደግሞ አለ። የሆስፒታሉ ባለቤት የፈረመበት ፕላን ለሚቀጥሉት ሥራዎች ናሙና ይሆናል። ተራ የሚጠብቁ የወረዳ ሆስፒታሎች አሉ። ይቺ ክፍል ዛሬ ካለፈች እነሱም ውስጥ ትገባለች፤ ዛሬ ከወደቀች የትም የለችም። የመጨረሻው ፕላን ከሥራ መውጫ በፊት ለኮንትራክተሩ ይላካል፤ ነገ ጠዋት ብሎኬት መደርደር ይጀመራል።

ክፍሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው ታላቅ ወንድሟ መድኃኔ በሞተበት ዕለት ነው። ጠዋት ቤቱ ወድቆ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። እንዲህ ነው የነገሯት። የነገሯት ግን በማግስቱ ነው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፤ አጎቷ ጋሽ ዘገዬ ጎረቤትና ዘመድ አስከትለው በሯን አንኳኩተው። ያን የመሐሉን ቀን ሙሉ እሷ ስብሰባ ላይ ቆማ፣ ቤተሰብ መርዶ የሚሰማበት ቦታ እንደሚገባው ስታስረዳ ነው የዋለችው። ቢሮው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጋሽ ዘገዬ ለየሺ ደውለው “እንዳትነግሯት፣ ብቻዋንም እንዳትተዋት” ብለዋል። የሺ ያልታዘዘ ማኪያቶ ስታመላልስ ዋለች። “ምነው፣ ባንኮኒውን ገዛሽው እንዴ?” ብላ ቀልዳባት ነበር። ማንም አልሳቀም። ቀልዱ ደብሯቸው ነው ብላ ነበር ያሰበችው።

ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። ለቅሶ ቤት የመጡት ሰዎች አለቀሱላት፤ እሷ መቀመጫ ስታመቻችላቸው ነበር። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋ ከንፈር እንደሚሆነው ሆናለች፤ የራስህ መሆኑን ታውቃለህ፣ ስትነክሰው ግን የሌላ ሰው ነው።

ዳናይት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዕድሜ ከቢሮው ሁሉ ታናሽ ናት፤ በድምፅ ግን ማንም አይቀድማትም። የክፍሏን ዝርዝር ሥዕል የሠራችው እሷ ናት።

“መጥተዋል፣ ሰርኬ። ዶክተር ሉልሰገድና ሜላት። ሜላት ደረጃው ላይ ነው የጀመረችው፤ ‘ያቺን ክፍል ዛሬ እንገላገላት’ እያለች።”

“ይግቡ።”

“ምን ልትመልሺላቸው ነው?”

“የሚጠይቁኝን።”

ዳናይት አፈጠጠችባት። ከጥቂት ወራት በፊት ይቺው ሴትዮ፣ ጄነሬተሩን ከማዋለጃ ክፍል መስኮት ሥር ላድርግ ያለውን ባለሀብት “እርስዎ ሲወለዱ ምን ያህል ጫጫታ ነበር?” ብላ ከስብሰባ አስወጥታዋለች።

ዶክተር ሉልሰገድ የሆስፒታሉ ባለቤት ናቸው፤ ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ወንበር ከመሳባቸው በፊት ፈቃድ የሚጠይቁ። ልጃቸው ሜላት ሥራ አስኪያጅ ናት። ማኔጅመንት ተምራለች፤ ስለ ሁሉም ነገር ጥናት ትጠቅሳለች። ገብታ ሰርክአዲስን አቀፈቻት፣ ከልማዷም አስረዝማ።

“ከሳሽብኝ፣ ሰርክዬ።”

“አልከሳሁም። ጥቁር ልብስ ነው።”

ተቀመጡ። ዳናይት ፕላኑን ዘረጋችው። ሜላት ጣቷን ክፍሏ ላይ ልታሳርፍ ብላ ራቅ አድርጋ አሳየች፣ የጋለ ብረት ይመስል።

“ይቺን ፋርማሲ እናድርጋት።”

“ፋርማሲ ፊት ለፊት አለ” አለች ዳናይት።

“ሁለተኛ ፋርማሲ ነዋ።”

“የጓሮ በር ያለው ፋርማሲ?”

“በሩ ይደፈናላ! በር መድፈን ያቅታል?”

“እውነቱን እንነጋገር። ምክንያቱ ወሬው ነው፣ አይደል?”

“የኔ እኅት፣ እኔ ስለ ወሬ አንሥቻለሁ? አላነሣሁም። ግን ፎርማኑ ‘ልጆቹ እዚያ ጋ ብሎኬት አናነሣም እያሉኝ ነው’ ይለኛል። ሰው ሊድን የሚመጣበት ቤት ውስጥ የሞት ክፍል ሠርቼ ‘እንኳን ደህና መጣችሁ’ ልበል?”

“የአስከሬን ክፍል እኮ አለን! እሱን ማን ሟርት ነው አለ?”

“እሱ ለሞተ ነው” አለች ሜላት። “ይሄ ላልሞተ ነው።”

ዳናይት ወደ ሰርክአዲስ ዞረች። ሰርክአዲስ በመስኮቱ ወደ ጊዮርጊስ እያየች ነበር፤ ነጠላ ያደረጉ ሴቶች ደጁን ተሳልመው ያልፋሉ። ከዚህ ሆኖ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ሴት ይመስላሉ።

ዶክተር ሉልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ሟርት የሚባለውን ይተዉት። ሜላት ወጣት ናት፤ ወጣት ነው ዛሬ ሟርት የሚፈራው። እኔ በሥራዬ ልናገር። ስንት ዘመን ሰው አከምኩ፤ ለእናት፣ ለእኅት ግን ሆስፒታል ውስጥ መርዶ ነግሬ አላውቅም። ጠና ያለ ሰው እጠራለሁ። እሱ ያውቅበታል። ወደ ቤት ይወስዳታል፣ ጎረቤት ይሰበስባል፣ ንጋት ላይ ይነግራታል። ስትወድቅ የሚይዛት አለ፤ ውሃ የሚረጫት አለ። ክፍልዎ ቆንጆ ነው። ግን ባዶውን ነው የሚውለው።”

“ጠና ያለ ሰው የሌለውስ?” አለች ዳናይት።

“ልጄ፣ በዚህ አገር ጠና ያለ ሰው የሌለው ማን ነው? ሌላው ቢቀር ዕድር አለ።”

“ጠና ያለውስ ቢሳሳት?”

“መርዶ ላይ ምን ስሕተት አለ? የሞተ ሞቷል።” ወደ ሰርክአዲስ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ለታማሚ የሚያወጡት ዓይነት ሆነ። “እርስዎን ልጠይቅዎ፣ ይቅር ይበሉኝና። ያን ዕለት እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ነግረውኛል። ሲያስረዱኝ እያየሁ ዝም አልኩ። በድዬዎታለሁ? በሰዓቱ፣ እዚህ፣ በሰው ፊት ቢሰሙት ይሻል ነበር? ወይስ እንደሆነው፣ ቤትዎ፣ በወገንዎ መሐል?”

የሺ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልገባችም።

ሰርክአዲስ ጥያቄውን እንደ ፕላን አየችው። ከየት ይገባል፣ ወዴት ይወጣል። ቀኑን በሐሳቧ መልሳ ሄደችበት፤ ስብሰባው፣ ማኪያቶው፣ የሰዎቹ ዝምታ። ብትሰማ ኖሮ ትነሣ ነበር። ተነሥታ የት? ወንድሟ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሬሳ ለማየት አንድ ቀን ቀደም፣ አንድ ቀን ዘግየት። ከዚህ በፊት ለዚህ የሚሆን መልስ አፏ ላይ ነበር፣ የተሳለ። አሁን ምላሷን ስታንቀሳቅሰው እውነቱ ብቻ ነው ያለው።

“አልበደሉኝም” አለች። “የሞተው ጠዋት ነው። በቀኑ ውስጥ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም።”

“እንግዲህ” አሉ ዶክተር ሉልሰገድ። እንዳሸነፈ ሰው አልነበረም ያሉት፤ እንዳዘነ ሰው ነው።

“ፋርማሲ ይሁን።”

“ሰርኬ!” ዳናይት ብድግ አለች።

“የጓሮውን በር ድፈኚው። አግዳሚውን አውጪው። ቧንቧው ይቆይ፤ መድኃኒት የሚሰጥ ሰውም እጁን ይታጠባል።”

ሜላት ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ፈለገች። ዶክተሩ ፈረሙ። ሲወጡ የሰርክአዲስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ጥቂት ቆዩ፤ ደረጃው እስከ ታች ድረስ አሳበቀባቸው።

ዳናይት ፕላኑን አልጠቀለለችውም። “ለምን አልተከራከርሽም?”

“ጠየቁኝ፣ መለስኩ።”

“ስላንቺ ነው የጠየቁሽ! ክፍሏ የተሣለችው ላንቺ ነው እንዴ? ልጇ ገና ሳይሞት ‘ሞቷል’ ብለው ወደ ቤት የሚወስዷት እናት የለችም? ጥጉ ላይ ተንሾካሹከው፣ አንዱ ሰምቶ ሌላው ሳይሰማ…”

“ያየሽው ነው ወይስ የሚሉት?”

ዳናይት ፕላኑን መጠቅለል ጀመረች። አላየችም። ያሰበችው ነው።

“ያየነውን ነው የምንሥለው” አለች ሰርክአዲስ። “እኔ እንዲህ ያለ አላየሁም። አስተካክይና ላኪው።”

“የወረዳዎቹስ?”

“በዚሁ ይሄዳሉ።”

ዳናይት ኮምፒውተሯን የዶሮ አንገት እንደሚይዝ ሰው ይዛ ወጣች። የሺ በመጨረሻ ገባች። ሻዩን አስቀመጠች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትል ልትሄድ ነበር፣ አልቻለችም። “ምብራት ደውላ ነበር። ጊዮርጊስ ቄሱን አነጋግራ ጨርሳለች፤ ታች ኬክ ቤቱ ውስጥ እጠብቃታለሁ ብላለች።”

ምብራት የመድኃኔ ባለቤት ናት። አድዋ ተወልዳ አራት ኪሎ ያደገች፣ ሲከፋት በሁለት ቋንቋ የምታዝን ሴት። ሰርክአዲስ ስትገባ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ያለውን ኬክ በሹካ እያፈራረሰች ነበር፤ አልበላችውም።

“ነዪ፣ ሓፍተይ፣ የኔ እኅት። ለአርባው ሁሉንም ተነጋግሬ ጨረስኩ። ድንኳን አንተክልም፤ የቤቱ ግቢ ይበቃል። ጋሽ ዘገዬ ‘ድንኳን ካልተተከለ ሰው ምን ይላል’ አሉ። ሰውማ ምን ይላል፤ የሚለውን ይላል።”

“አዎ።”

“አንቺ ዳቦውን ትይዣለሽ። ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ጨመር አድርጊ፤ ለነርሷም እወስድላታለሁ። ለዚያች ለቀይዋ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ቀኑን ሙሉ ከራስጌው ሳትነሣ፣ ከንፈሩን በጥጥ ስታርስለት…”

“ለማን?”

“ለመድኃኔ ነዋ።”

አስተናጋጇ መጥታ ቆመች። ሰርክአዲስ ማኪያቶ አለች፣ ወይም የሆነ ነገር አለች፤ አስተናጋጇ ሄደች።

“ሆስፒታል ሳይደርስ ነው ያረፈው” አለች ሰርክአዲስ። ድምፅዋ ስሕተት ያለበት ልኬት የምታርም ይመስል ነበር።

የምብራት ሹካ ቆመ። “አልነገሩሽም? ጋሽ ዘገዬ ከቀብር በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብለው…”

“ንገሪኝ።”

“እንደደረስን ሐኪሙ ጋሽ ዘገዬን ለብቻቸው ጠራቸው። ጥግ ላይ፣ ከካሸሩ ጋ። ‘ተስፋ የለውም፣ ቤተሰብ ይዘጋጅ’ ነው ያላቸው። እሳቸው ‘አለቀ’ ብለው ያዙት። ስልካቸውን አውጥተው ዘመድ መጥራት፣ ቢሮሽ መደወል ጀመሩ። እኔ ‘ኧረ ገና እስትንፋሱ አለ፣ ሰርኬን ጥሯት’ ብል ‘አንቺ ዝም በይ፤ መርዶ በወጉ ነው፣ አንዴ ነግሬያለሁ’ አሉኝ። አንዴ ከነገሩ በኋላማ እንዴት ብለው ይመልሱት? ማንን ነው ‘አልሞተም’ የሚሉት? ነርሷ ብቻ ነበረች የምትሰማኝ።” ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። “ከሰዓት በኋላ ነቃ። ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሄደው፣ ሓፍተይ። ስላንቺም ጠየቀ።”

ሰርክአዲስ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረች ታውቃለች። ከአግዳሚው ርዝመት ጋር ነበረች።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የዳናይት መልእክት ነው። “ተልኳል። ለኮንትራክተሩም፣ ለወረዳዎቹም። ደረሰን ብለዋል።” ሰርክአዲስ አነበበችው። ጣቶቿ መልስ ጻፉ፦ “ጎበዝ።” ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ማኪያቶው መጣ። ሁለቱም አረፋው እስኪተኛ አዩት።

“ምን እንዳለ ልንገርሽ?” አለች ምብራት በዝግታ። “ላንቺ ያለውን?”

ሰርክአዲስ ልትናገር አፏን ከፈተች። ኬክ ቤቱ ሞልቷል፤ አጠገባቸው ሁለት ጎረምሶች ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ከወዲያ አንዲት ነፍሰ ጡር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። ውጭ የታክሲ ረዳቱ አምስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ይላል። መውጫው አንድ ነው።

“አሁን አይደለም” አለች። “ነገ ጎሕ ሲቀድ ቤት መጥተሽ ንገሪኝ። ጋሽ ዘገዬንም ይዘሻቸው ነዪ።”